ሕፃናት በቴሌቪዥን ያዩትን የሳይንስ ሙከራ በቤት ውስጥ ሲደግሙ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ሕፃናት በቴሌቪዥን የተመለከቱትን የሳይንስ ሙከራ በቤት ባገኙት ዕቃ ለመድገም መሞከራቸው የዕድሜያቸው ጠባይ ነው። ይህ መረጃ በዋጫ፣ በቦንጋና በሌሎች የካፋ ዞን አካባቢዎች የሚኖሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች የልጆችን የማወቅ ፍላጎት ሳይገድቡ አደጋን አስቀድመው እንዲከላከሉ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

ሕፃናት ለምን ያስመስላሉ?

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ አንድሩ ሜልትዞፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት የ14 ወር ሕፃናት በቴሌቪዥን ያዩትን ድርጊት ከአንድ ቀን በኋላም መድገም እንደሚችሉ አሳይቷል። ሆኖም ሕፃኑ የሚያየው ውጤቱን እንጂ ዝግጅቱን አይደለም። የፈሳሹን ምንነት፣ ሽታውንና ሙቀቱን ከምስሉ መለየት አይችልም።

በሀገራችን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሳሰሉ የሕፃናት ዝግጅቶች ለትምህርት ጠቅመዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጥቷል። ስለሆነም መፍትሔው ቴሌቪዥኑን መዝጋት ሳይሆን አደገኛ ዕቃዎችን ማራቅና ከልጁ ጋር አብሮ መሞከር ነው።

ከሕፃናት ሊርቁ የሚገባቸው ነገሮች

• በረኪና፦ ከሎሚ ጭማቂ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሎሚና የመጋገሪያ ሶዳ ተቀላቅለው አረፋ ሲያወጡ ያየ ሕፃን በሶዳው ምትክ በረኪና ሊጠቀም ይችላል።
• ላምባ (ነጭ ጋዝ)፦ በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።
• ክብ ጠፍጣፋ ትናንሽ ባትሪዎች፦ ከተዋጡና ጉሮሮ ላይ ከተያዙ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ሊያቃጥሉ ይችላሉ።
• ክብሪት፣ የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ውኃና የኤሌክትሪክ ሶኬት።

በአዋቂ ክትትል ሊሠሩ የሚችሉ ሙከራዎች

1. የቡና ፍሬ በውኃ መለየት፦ ቀይ እሸት ቡና በውኃ በተሞላ ሳፋ ሲጨመር ደህናው ይሰምጣል፤ ባዶው፣ የደረቀውና በተባይ የተጎዳው ይንሳፈፋል። በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችም ፍሬ በዚህ መንገድ ይለያል።
2. ባቄላ ማብቀል፦ ፍሬውን በእርጥብ ጥጥ ላይ አስቀምጦ ለውጡን በየቀኑ መመልከትና መሳል።
3. ዝናብ መለካት፦ አዋቂ አፉን የቆረጠውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ደጅ አስቀምጦ የተጠራቀመውን ውኃ በማስመሪያ መለካት። ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ በመሆኑ ለዚህ ሙከራ ምቹ ነው።

ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ፍሬ ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ፣ ማንኛውም ሕፃንም ውኃ ካለበት ሳፋ አጠገብ ብቻውን እንዳይተው ጥንቃቄ ይደረግ።

አደጋ ሲደርስ

• ቃጠሎ፦ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ፤ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አለመቀባት፤ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ አለመላጥ።
• ላምባ፣ በረኪና ወይም ባትሪ ከተዋጠ፦ ሕፃኑ እንዲያስመልስ አለማድረግ፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። የዕቃውን መያዣ ይዞ መሄድ ለሕክምናው ይረዳል።
• ዓይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ፦ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ሕክምና መውሰድ።
• የታመቀ ጋዝ ከተነፈሰ፦ ሕፃኑን ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፤ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ።

አገልግሎት የት ይገኛል?

አደጋ ከደረሰ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን የአምቡላንስ አገልግሎት ለማግኘትም በ907 መደወል ይቻላል። በቤት ውስጥ አደጋን ስለ መከላከል ምክር የሚፈልጉ ወላጆች በቀበሌያቸው ጤና ኬላ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላሉ።