የመተማ ድልድይ ሁለት ሰዓቶች፦ የብዙ ካሜራ ቀረጻን ስለ ማናበብና ስለ ታሪክ ምስክርነት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የቪዲዮ አርትዖት ሙያ ነው። ለታሪክ ክፍል እንግዳ ርእስ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ በካርቱም ከፈነዳ ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል ስላለፈው ስደት ነገ የሚጽፍ ሰው፣ ከደብዳቤና ከመዝገብ ይልቅ ብዙውን ምስክርነት የሚያገኘው በእጅ ስልክ ከተቀረጸ ምስል ነው። አንዱን ቀን ሃያ ስልክ ቀርጾት ይሆናል። እነዚህን በአንድ ጊዜ መስመር ላይ ማሰለፍ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ እየሆነ መጥቷል።

እንደ ፕሪሚየር ፕሮና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያሉት ሶፍትዌሮች የብዙ ካሜራ ቀረጻን የሚያናብቡባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ በፋይሉ ላይ በተመዘገበው ሰዓት፣ በድምፁ ሞገድ ወይም ሁሉም ካሜራዎች ያዩትን አንድ ቅጽበት በእጅ ምልክት በማድረግ። ከዚያ ሁሉም ማዕዘኖች በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አርታዒው ቁጥር እየተጫነ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ያልተመረጠው ማዕዘን አይጠፋም፤ ከሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ እወደዋለሁ፤ ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ያልመረጡትን ምስክር ይህን ያህል አያከብሩትም።

በመተማ ግን ሰዓቱ ራሱ አይታመንም። ሱዳን በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ስለዚህ ከገላባት ተነሥቶ ድልድዩን በጥቂት ደቂቃ የተሻገረ ሰው በስልኩ አንድ ሰዓት ይዘላል። አንዱ መሣሪያ የፋይሉን ጊዜ በዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ሌላው በአካባቢ ሰዓት ይመዘግባል። ባለታሪኩ በቃሉ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ሲል ደግሞ ስልኩ ዘጠኝ ይላል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «ሰዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ማዶ ታዩ፣ በኋላ ወዲያ ማዶ» ብሎ የሚተርክ አርታዒ፣ ስደቱን ወደ ኋላ ሊያስኬደው ይችላል።

ታዲያ በድምፅ ብናናብብስ? ለሠርግና ለጉባኤ ይበቃል፤ ካሜራዎቹ ተቀራርበው ቆመዋልና። በሜዳ ላይ ግን ድምፅ መንገደኛ ነው። በቆላ ሙቀት በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይሄዳል። ተኩስ አጠገብ የቆመና ከ700 ሜትር ርቀት የቀረጸ ሁለት ስልኮች በተኩሱ ድምፅ ቢናበቡ ምስሎቻቸው በሁለት ሰከንድ ይለያያሉ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቪዲዮ ይህ 50 ፍሬም ነው። ማን ቀድሞ እንደ ሮጠ፣ ማን ቀድሞ እንደ ተኮሰ በሚጠየቅበት ነገር ሁለት ሰከንድ ትንሽ አይደለችም።

ይህ ችግር ለመተማ አዲስ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የቆሰሉበት ጦርነት በእኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ማርች 9 ቀን 1889፣ በሂጅራ በ1306 የረጀብ ወር ውስጥ ነው። የዛሬውን ማመሳከሪያ ይዞ የሚቆጥር ተማሪ መጋቢት 1ን ማርች 10 ያደርገዋል፤ የፈረንጆች 1900 ዓመት የዘለላት ቀን በእኛ አቈጣጠር አልተዘለለችምና። ሦስቱን መዝገቦች የሚያስታርቀው የሳምንቱ ቀን ነው፦ ቅዳሜ። ፊልም ቀራጮች በቀረጻ መጀመሪያ የሚያጨበጭቡት ጭብጨባ ማለት ይህ ነው፤ ሁሉም መዝገብ የያዘው አንድ ምልክት።

ዜናው ግን እንደ ድምፅ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ከኢትዮጵያ ወገን ላለው ምስክር ውጊያው የተቈረጠው ንጉሠ ነገሥቱ በተመቱበት ሰዓት ነው። የእሾህ አጥሩ ተጥሶ ድሉ የተቃረበ ሲመስል ሠራዊቱ ተፈታ። በአዝ-ዛኪ ተማል ለሚመራው የድርቡሽ ጦር የታሪኩ መገጣጠሚያ ሌላ ነው፤ የሚያፈገፍገውን ጓዝ ተከትሎ አስከሬኑን በማረከበት ቀን። ያን ጊዜ የድርቡሾች እስረኛ የነበሩትና በኋላ መጻሕፍት ያሳተሙት አባ ኦርቫልደርና ስላቲን ደግሞ ነገሩን የሰሙት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው በኦምዱርማን ነው፤ የንጉሡ ራስ ወደ ተወሰደበት ከተማ። ሦስቱም «የዮሐንስ ሞት» ይላሉ፤ ነገር ግን አንዱ መቍሰሉን፣ አንዱ አስከሬኑን፣ አንዱ ወሬውን ነው የመዘገበው። በቃሉ ብቻ ብናናብባቸው፣ በተኩሱ ድምፅ እንደ ተናበቡት ስልኮች፣ ቀናቱ ይዛባሉ።

ስለዚህ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ቀረጻ ለምትሰበስቡ ተማሪዎች የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዋናውን ፋይል ያዙ፤ በማኅበራዊ መገናኛ የተላለፈው ቅጂ የጊዜ መዝገቡን ብዙ ጊዜ አጥቶ ይደርሳችኋል። ቀራጩ ከድልድዩ በየትኛው ወገን እንደ ቆመና ስልኩ የየትኛውን ሀገር ኔትወርክ ይዞ እንደ ነበር በዚያው ዕለት ጻፉ። ስሙንና ፊቱን ግን ያለ ፈቃዱ አታውጡ፤ የሚመለስበት ቤት ሊኖረው ይችላል። አንድም ካሜራ ያልያዘው ደቂቃ ሲያጋጥም ታይምላይኑን ጥቁር ተዉት፤ ከሌላ ቀን ምስል አምጥታችሁ አትሙሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።