ግራናይት ያልነው ድንጋይ

ብስራተ ገብርኤል ታክሲ ስትጠብቁ ቀና ብላችሁ እዩ። አዲሱ ሕንፃ ሁሉ መስታወት ለብሷል። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ወለሉም መታጠቢያውም ሴራሚክ ነው። የዓለም ፋብሪካዎች መስታወትና ሴራሚክ ለመሥራት ከሚፈልጓቸው ድንጋዮች አንዱ ኔፈሊን ሳይናይት ይባላል። ስሙ እንግዳ ነው፤ ድንጋዩን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የአክሱም ሐውልት የተፈለፈለው ከእሱ ነው።

«የአክሱም ሐውልት ከግራናይት የተሠራ ነው» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ግን አይደለም። ግራናይት ውስጥ ኳርትዝ አለ። ኔፈሊን ደግሞ ከኳርትዝ ጋር አብሮ አይኖርም። የቀለጠው ድንጋይ ውስጥ በቂ ሲሊካ ቢኖር ኖሮ፣ ኔፈሊን መሆኑ ቀርቶ ፌልድስፓር ይሆን ነበር። ስለዚህ ኔፈሊን የሲሊካ እጥረት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1801 ሲሆን ትርጉሙ በግሪክኛ «ደመና» ነው፤ ጠንካራ አሲድ ውስጥ ሲገባ ስለሚደፈርስ።

ከአክሱም እስከ ዓድዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የቆሙትን ተራሮች ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢውን ባሳልት ሸፈነው። በኋላ ሌላ ቅላጭ ከሥር በስቶ ወጣና እዚያው ጠነከረ። ዙሪያው በዝናብና በጎርፍ ሲሸረሸር ጠንካራው ክፍል ብቻውን ቀረ። በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው በእነዚህ ተራሮች መካከል ነው። የሐውልቶቹ ድንጋይም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ከአክሱም በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጎቦ ዱራ የሚባል ቦታ አለ። ድንጋዩ የተፈለጠው እዚያ ነው። የጥንት ሠራተኞች በመስመር የቆፈሯቸው አራት ማዕዘን የሽብልቅ ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ተጀምረው የተተዉ ሥራዎችም አሉ። እዚያው አካባቢ ቋጥኝ ላይ የተቀረጸች ከ3 ሜትር በላይ የምትረዝም አንበሳ አለች። ድንጋዩ ስንጥቅ ስለማይበዛበት ረጅም ወጥ ቁራጭ ይወጣዋል፤ ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ሲሆን ክብደቱ 520 ቶን ገደማ ይገመታል። እንዴት እንደተጓጓዘ ሲነገር ዝሆን ጎተተው የሚል አለ፣ በግንድ ላይ ተንከባለለ የሚል አለ። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ይህ ሐውልት ለማቆም ሲሞከር ወደቀ።

ሁለተኛው ትልቅ ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ሲሆን ከ150 ቶን በላይ ይመዝናል። ወድቆና ተሰባብሮ ሳለ በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ወደ ሮም ወሰደው። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ልመልስ ብላ ቃል ገባች፤ ቃሉ ግን ከ50 ዓመት በላይ ዘገየ። ከኤርትራ ጋር ያለው ድንበር ተዘግቶ ስለነበር በምፅዋ በኩል መመለስ አልተቻለም። በመጨረሻ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ፤ የመጀመሪያው ክፍል አክሱም የደረሰው ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ተተክሎ የተመረቀው ደግሞ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.።

እሺ፣ ድንጋዩ ብር ያወጣል ወይ? ሌላው ዓለም አውጥቶበታል። ኔፈሊን ሶዲየም፣ ፖታሲየምና አሉሚና አለው። ከአሸዋ ጋር ሲቀልጥ የምድጃውን የሙቀት ፍላጎት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፤ አሉሚናው ደግሞ መስታወቱን ያጠነክረዋል። በካናዳ ኦንታርዮ ብሉ ማውንቴን የሚባለው ቦታ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህንኑ ድንጋይ ሲሸጥ ኖሯል። ቦክሳይት ያጠራት ሶቪየት ኅብረትም ከኔፈሊን አሉሚና አወጣች፤ ተረፈ ምርቱን ሶዳና ሲሚንቶ አደረገችው።

ግን ቶሎ አንጓጓ። አንደኛ፣ ይህ ወርቅ አይደለም። በቶን የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ትርፉን የሚበላው የጭነት ዋጋ ነው፤ ወደብ ለሌለው አገር ደግሞ ይብሳል። የሚያዋጣው ጥሬውን ጂቡቲ ከማድረስ ይልቅ እዚሁ ምድጃ ውስጥ መክተት ነው። ሁለተኛ፣ ብረት። ድንጋዩ ውስጥ ያሉት ጥቋቁር ፍሬዎች ብረት ይይዛሉ፤ ብረት መስታወቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ተፈጭቶ በማግኔት የሚለቀው ይህ ብረት ምን ያህል ነው የሚለው በላቦራቶሪ ሳይለካ ስለ ፋብሪካ ማውራት ከንቱ ነው። ሦስተኛው ይከብዳል። ጎቦ ዱራ ራሱ ቅርስ ነው። እያንዳንዷ የሽብልቅ ጉድጓድ ስማቸው ያልተጻፈላቸው ሠራተኞች የተዉልን ሰነድ ናት። የንጉሡን ሐውልት ከሮም አስመልሰን የሠራተኛውን አሻራ ብንፈጭ ምን ይባላል?

በሌላ በኩል አክሱም ውስጥ ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ ቱሪስት የቀረበት አስጎብኚ አለ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት አለ። ለእሱ «ቅርስ ነው፣ አትንካ» ብሎ ዞር ማለት አይበቃም። እኔ የሚታየኝ መንገድ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የጥንቱ መፍለጫ ድንበሩ ተለክቶ ይከለል፤ ጥናቱ ከዚያ ርቀው ባሉት ተራሮች ላይ ይሁን፤ የሚያዋጣ ከተገኘም ፋብሪካው እዚያው ይተከል።

አክሱሞች ከዚህ ድንጋይ ያገኙት ዋጋ ከጥሬው አልመጣም። አንድን ኮረብታ መርጠው፣ ፈልጠው፣ ቀርጸው፣ 4 ኪሎ ሜትር አጓጉዘው ነው ስም ያተረፉበት። እኛም ከድንጋዩ የምናገኘው ጥቅም የምንጨምርበትን ሥራ ያህል ነው።