ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፡ የግብርና ምህንድስና የተማሩት አቀናባሪና መሰንቆ የለመደው አሜሪካዊ

ሰቆጣ፡- ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ የሀገራችን ሕዝቦች ዘንድ ለየብቻ ሲደመጡ የኖሩ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ያገናኘ የባህል ሙዚቃ ቡድን ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ዘልቋል።

መሥራቹ ሀሊም ኤል-ዳብህ በ1921 እ.ኤ.አ. በካይሮ የተወለዱ የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። በትምህርት የተመረቁት ግን በግብርና ምህንድስና ነበር። በዚሁ ሙያ ወደ ግብጽ ገጠሮች ሲመላለሱ የአርሶ አደሩን ዜማና ምት በቅርብ አደመጡ። በ1950 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ ለማስተማር መጡ።

ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታና ከበሮን አንድ ላይ ማሰማት ቀላል አልነበረም። ክራር ተጫዋች መሣሪያውን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ልክ ነው፤ ዋሽንት ደግሞ አንዴ ከተበሳ ድምፁ አይለወጥም። ስለዚህ ቡድኑ አስቀድሞ በአንድ መቃኘትን መልመድ ነበረበት።

ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡድኑን የመሩት ተስፋዬ ለማ ናቸው። በዚያው ዘመን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ የነበረው አሜሪካዊ ቻርልስ ሳተን ከቡድኑ መሰንቆ ተጫዋች ከጌታመሳይ አበበ መሰንቆ ተማረ፤ በአማርኛም ዘፈነ። በ1969 እ.ኤ.አ. ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በልዩ ልዩ ከተሞች ሲጫወት ሳተን አብሮ ደከመ።

የሙዚቃ ደራሲንና የአሜሪካዊ ደጋፊን ግንኙነት በማነጻጸር ለመረዳት ኤልሳቤጥ ስፕራግ ኩሊጅን ማንሳት ይቻላል። እኒህ ባለጸጋ ሴት (1864–1953 እ.ኤ.አ.) ለአውሮፓ የሙዚቃ ደራስያን ገንዘብ እየከፈሉ አዲስ ሥራ ያስደርሱ ነበር። የሀንጋሪው ቤላ ባርቶክ አምስተኛው የአራት አውታር መሣሪያዎች ድርሰት በ1934 እ.ኤ.አ. የተጻፈው በእርሳቸው ጥያቄ ነው። የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀዋል። የሳተን ድጋፍ ግን ከዚህ ይለያል፤ ዋነኛ መዋጮው በደቀ መዝሙርነት ቁጭ ብሎ መማሩና ጊዜውን መስጠቱ ነው።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ጉዳይ መዝገብ ነው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቢበተንም የተቀዳው ድምፅ በ2007 እ.ኤ.አ. በ“ኢትዮፒክስ” ተከታታይ 23ኛ ቅጽ ሆኖ ዳግም ለአድማጭ ደርሷል። ያልተቀዳው ግን ከተጫዋቹ ጋር ያልፋል።

ይህ ለዋግ ኽምራም ሩቅ ነገር አይደለም። አበርገሌ በፍየሉ የታወቀ ነው፤ የመሰንቆ ፊት የሚለበጠውም በቆዳ፣ አውታሩ የሚሠራውም ከፈረስ ጭራ ነው። በሰርግ፣ በክርስትናና በደቦ የሚዜመው የአማርኛና የኽምጣጋ ዜማ በአብዛኛው የሚኖረው በአዋቂዎቹ ልብ ውስጥ ነው። ዛሬ የእጅ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ዜማውን መቅዳት ይችላል። ሲቀዳ ባለ ዜማውን ያስፈቅድ፤ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ቅኝቱንና ዜማው በምን ጊዜ እንደሚባል አብሮ ይመዝግብ። ስም የሌለው ቅጂ የማን እንደሆነ ነገ የሚያውቅ አይኖርም።