ሹሉዳ የት ሄደ?

«ሽንጥ ነው ዳቢት?» ይለኛል ሀና ማርያም የምገዛበት ሥጋ ቤት ያለው ቆራጭ፣ ቢላውን እየሞረደ። «ከሹሉዳው ስጠኝ» ስለው ግን፣ «ጋሼ፣ እሱ ደግሞ የቱ ነው?» ሹሉዳ ከጭራው ግራና ቀኝ ያለው የቂጥ ሥጋ ነው። ልጁ ያልሰማው ይህ ቃል ለንደን ከታተመ 200 ዓመት አልፎታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲጓዝ፣ አክሱም አካባቢ ሦስት ወታደሮች የሚነዷትን ላም ጥለው ከነሕይወቷ ሥጋ ሲቆርጡባት አየሁ ብሎ በ1790 ጻፈ። የአገሩ ሰው ብዙው ውሸታም አለው።

ብሩስ ያላመጣውን ቃል ያመጣው ናትናኤል ፒርስ ነው። ይህ እንግሊዛዊ መርከበኛ በ1805 ከአገሩ ልጅ ከተጓዡ ሄንሪ ሶልት ጋር መጥቶ ትግራይ የቀረ ነው። አንድ ጊዜ ከላስታ ወታደሮች ጋር ሲጓዝ ረኃብ ጠናባቸው፤ አንዱም ከሚነዷቸው ላሞች ከአንዷ ሹሉዳ እናውጣ አለ። ፒርስ ቃሉ አልገባውም፤ ብዙም ሳይቆይ በዓይኑ አየው። ላሟን በቀንዷ ይዘው ጣሏት፣ ከጭራዋ አጠገብ ሁለት ሙዳ ቆረጡ፣ ቁስሉን ሰፍተው እበት ለቀለቁበትና ነዷት። ሥጋው ተደምሮ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው። ለፒርስም አቀረቡለት፤ እንደዚያ ርቦት እንኳ እምቢ አለ። ላሟ እያነከሰች ሰፈር ደረሰች፣ እዚያው ታርዳ እራት ሆነች።

ሶልት ይህን በ1814 ሲያሳትም፣ ድርጊቱ ረኃብ ሲጠና ብቻ፣ ያውም አልፎ አልፎ የሚደረግ መሆኑን አልደበቀም። አንባቢው ግን ላሟን ይዞ ረኃቡን ጣለው፤ የችግር ቀን ሥራ የአገር ልማድ ተብሎ ተወራ። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስመ እግዚአብሔር ሳይጠራበት የታረደ ከብት አይበላም፤ ከቆመች ላም የተቆረጠማ ወዲያ ይቅር! ለእኔ ብሩስ አልዋሸም፤ ያጠፋው ያየውን ለሁላችንም ማልበሱ ነው።

ቃሉን የጎዳው ግን ፈረንጅ አይደለም። ሥጋ ቤት የሚያውቀው የሚሸጥ ስም ነው፤ ሻኛና ጎድን ባንኮኒው ላይ ሲከብሩ ሹሉዳ ከታፋው ጋር ተጠቃልሎ ቀረ። ለመጪው ፋሲካ ቅርጫ የምትገቡ፣ መደብ ሲደለደል ዕጣ ብቻ አትጠብቁ፤ ብልት የሚያወጣውን ሽማግሌ ጠጋ ብላችሁ የእያንዳንዱን ስም ጠይቁና ጻፉት።