የመስታወት ድንበር

ለሚ ላይ፣ በጀማ ሸለቆ አፋፍ ቆማ የተነሣችው የእናቴ ፎቶግራፍ አለኝ። በፎቶሾፕ ከፍቼ «ባለቀለም መስታወት» የተባለውን ፊልተር አሳረፍሁበት፤ በቅጽበት እንደ ማር እንጀራ ተከፋፈለ፤ ፊቷም ጠፋ። ሶፍትዌሩ የሕዋሱን ስፋት፣ የድንበሩን ውፍረትና የብርሃኑን ጉልበት ይጠይቃል እንጂ የቱ ዓይን፣ የቱ ገደል እንደሆነ አይጠይቅም።

ያን ጊዜ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱትን ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን አሰብሁ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው ባለቀለም መስታወታቸው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በዚያ ሁሉ ስፋት የመስታወቱ ድንበር ሥዕሉን ተከትሎ ይሄዳል፤ ብርሃኑንም ፀሐይ ከውጭ ይሰጠዋል፤ ደመና ሲያልፍ ይደበዝዛል።

እኔ ፊልተሩን ለሸለቆው ብቻ ተውሁለት። የእናቴን ፊት በእጄ፣ በዝግታ እየሣልሁ ነው።