ውቤ በረሃና ጎረቤቶቹ

የእንግሊዝ አገርን አንድ ትንሽ የገጠር መንደር ለመጎብኘት የሚሄድ እንግዳ የሚያየው ነገር ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። በመካከል የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው መካነ መቃብር፣ ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ መጠጥ ቤት፣ ራቅ ብሎም የባላባቱ ግቢ ይገኛል። ከእነዚህ መንደሮች የብዙዎቹ ስም እ.ኤ.አ. በ1086 ንጉሥ ዊልያም ባስጻፈው የመሬት መዝገብ ውስጥ ይነበባል፤ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ በየአጥቢያው እንዲያዝ የታዘዘውም እ.ኤ.አ. በ1538 ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ቤቱ፣ ስሙና መዝገቡ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ።

በአራዳ የሚገኘውን ውቤ በረሃን እንደዚሁ ልጎብኝ ብሎ የተነሣ ሰው ግን አስቀድሞ የሚቀበለው ስሙ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ከስሙ በቀር ሌላ መሪ አያገኝም።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ሆና ሳይሆን የጦር ሰፈር ሆና ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ዐፄ ምኒልክ ለየመኳንንቱ ቦታ እየመሩ በሰጡ ጊዜ እያንዳንዱ መስፍን በጉብታው ላይ እልፍኝና አዳራሹን አቆመ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁም ጎጆውን በዙሪያው ቀለሰ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ጫካ ነበረ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእግር ብዙ የማይርቀው ይህ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። ደጃዝማች ውቤ በኋላ ንግሥተ ነገሥታት ለሆኑት ለዘውዲቱ ምኒልክ፣ ራስ ጉግሣ ወሌን ከማግባታቸው በፊት፣ ባለቤት የነበሩ ናቸው። ዛሬ የሰፈሩን ስም ከሚጠሩት ሰዎች ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ሰፈሩን ለማወቅ ጎረቤቶቹን ማየት ግድ ይላል። የአራዳ ጊዮርጊስ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ በግንባታውም የጣሊያናዊው መሐንዲስ የሴባስቲያኖ ካስታኛ ስም ይነሣል። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቦታ ነው። የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ሐውልትም ለሁለተኛው በዓለ ንግሥ በዋዜማው ተመረቀ። ፋሺስቶች ከተማይቱን ሲይዙ ሐውልቱን አውርደው ቀበሩት፤ ቤተ ክርስቲያኑንም በ1929 ዓ.ም. አቃጠሉት። ሁለቱም ከነጻነት በኋላ ተመለሱ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ታላቁ የአራዳ ገበያ ይቆም ነበር። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና አሞሌው የሚሸጠው፣ ነጋድራሱም ቀረጥ የሚያስከፍለው እዚያ ነበር። የሕንዱ ነጋዴ የመሐመድ አሊ ሱቅ፣ የአርመኖቹ የእጅ ሥራ ቤቶች፣ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል የተሰበሰቡት ገበያውን ተከትለው ነው። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ከፊሉ ጠፍቷል። ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው «መርካቶ» አሉት፤ የቀረውን ቦታ «ፒያሳ» አሉት። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ የሰጣቸው ሁለት ስሞች ግን ከሕዝቡ አፍ አልወጡም። ከነጻነት በኋላ ለአደባባዩ የተሰጠው የደጎል ስም እንኳ ፒያሳን ማስለቀቅ አልቻለም።

የደጃዝማቹ ሰፈር «በረሃ» የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ከተማይቱ ሥራ ፈላጊውን፣ ተማሪውንና ወታደሩን ከየጠቅላይ ግዛቱ ስትስብ፣ ከባላቸው የተፋቱና ርስት ያልደረሳቸው ብዙ ሴቶችም አብረው መጡ። የጭቃ ቤት ተከራይተው ጠጅና ቢራ ሸጡ፤ አዝማሪው በማሲንቆ፣ በኋላም ሸክላው በማጫወቻ ሌሊቱን ያዘው። በአማርኛ «በረሃ ገባ» ማለት ከወገንና ከሕግ ዐይን ተሰወረ ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የስሙ ፍቺ መፈለግ አያሻም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ለብዙ ዘመን ሳይታተም በቆየው «ሌቱም አይነጋልኝ» ያሳየው ዓለም ይኸው ነው። ስለ ውቤ በረሃ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው የመጪው ወንድ ትዝታ ነው፤ ኪራይ ስትከፍል፣ ልጅ ስታሳድግና ለአገር ቤት ዘመድ ገንዘብ ስትልክ የነበረችው የቤቱ ባለቤት ግን ከትረካው ውጭ ቀርታለች። ይህ ጉድለት ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱም ተዘጋ። ለሰፈሩ ዕጣ ይበልጥ ወሳኝ የሆነው ግን በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ቤቶቹ ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ ኪራዩ ዝቅ ተደረገ። ለድኻው ተከራይ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከዚያ አነስተኛ ኪራይ የሚጠገን ግድግዳ አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ገንዘብ አያድስም። ጭድና ጭቃ ደግሞ በየጊዜው ካልተለሰነ ከባሕር ዛፉ ማገር ላይ ይረግፋል። ጣራው ዛገ፤ ጓሮው በተጨማሪ ክፍሎች ተጨናነቀ። ከአርባ ዓመት በኋላ «ያረጀና ለኑሮ የማይመች» የተባለው ቤት በዕድሜው ብቻ አላረጀም፤ ባለቤት አጥቶም ነው። የሕንፃ ሙያ ሰዎች ይህን ልዩነት ሊያጎሉት ይገባል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በፒያሳ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የአራዳ መንደሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። መንገዱ መስፋቱ፣ መጸዳጃ አልባ መንደር መቅረቱ ለብዙዎች ደስታ ነበር፤ ጎረቤት መለያየቱ ደግሞ ለብዙዎች ሐዘን። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ የተነሣው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ተነሥቶ የሚመለስ ጭቃ ቤት ግን የለም።

የእንግሊዙ መንደር የአጥቢያ መዝገብ እንዳለው ሁሉ አራዳም የራሱ መዝገብ አለው፤ የእድር መዝገብ ነው። ማን በየትኛው ሰፈር እንደኖረ፣ በየወሩ ምን ያህል እንዳዋጣ፣ ማን መቼ እንደሞተና ለማን እንደተቀበረለት የተጻፈው በዚያ ነው። በሌላ ቦታ ስማቸው ያልተጻፈ የውቤ በረሃ ሴቶችም ሊገኙ የሚችሉት እዚያው ነው። ሰፈር ሲበተን የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ዋጋ ስላላቸው ይቈጠራሉ፣ ይከፋፈላሉም። መዝገቡ ግን በጸሐፊው ቤት፣ በሣጥን ውስጥ፣ ጠያቂ ሳያገኝ ይቀመጣል።