«ፒሽሽ» የምትለዋ ቫልቭ፦ ብሎው ኦፍ ቫልቭ ከማስገጠማችሁ በፊት ይህን እወቁ

ቱርቦ ያለው መኪና ማርሽ ሲቀይር «ፒሽሽ» የሚል ድምፅ ሲያወጣ በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ድምፁ የሚወጣው ብሎው ኦፍ ቫልቭ ከሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ብዙ ወጣቶች ለድምፁ ብለው ያስገጥሙታል። ከዚያ መኪናው ትራፊክ መብራት ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዕቃው ፎርጅድ ስለሆነ ሳይሆን ለዚያ መኪና የማይሆን ዓይነት ስለተገጠመ ነው። ስለዚህ ከሥራው እንጀምር።

ሥራው ምንድን ነው?

ቱርቦ በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተር ያስገባል። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ የአየር መግቢያው በር (ስሮትል) ይዘጋል፤ ቱርቦው ግን ወዲያው አይቆምም። የታመቀው አየር መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ የቱርቦውን ምላጭ ይመታል። «ቱ-ቱ-ቱ» የሚለው ድምፅ ይሄ ነው፤ ሲደጋገም ቱርቦውን ይጎዳል። ቫልቩ በዚያች ቅጽበት ተከፍቶ አየሩን ያስተነፍሳል። በቃ፣ ሥራው ይሄ ነው። ብቻውን ለሞተሩ ጉልበት አይጨምርም።

ሁለት ዓይነት ነው

👉 ወደ ውጭ የሚተፋ፦ አየሩን ወደ ከባቢ አየር ይለቃል፤ ጩኸቱ ከፍ ያለ ነው።
👉 ወደ ውስጥ የሚመልስ፦ አየሩን ከቱርቦው በፊት ወዳለው ቱቦ ይመልሳል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

የትኛው ለእናንተ መኪና ይሆናል?

መልሱ ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው። ማፍ ሴንሰር ያለው መኪና ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ የገባውን አየር ይለካል፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ልክ ነዳጅ ያዛል። የተለካው አየር በቫልቩ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ነዳጁ ለሌለ አየር ይረጫል። ጥቁር ጭሱ፣ የነዳጅ ሽታው፣ መኪናው ሊቆም ሲል መጥፋቱ፣ የካንዴላው መጥቆር ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ሲቆይ ካታሊስቱንም ያበላሻል። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ እና ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ማፍ የሚጠቀሙ ናቸው፤ ከፋብሪካ የሚመጡትም ወደ ውስጥ በሚመልስ ቫልቭ ነው።

በማፕ ሴንሰር ብቻ የሚሠራ መኪና ግን የሚለካው ማንፎልድ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ ወደ ውጭ የሚተፋው ያን ያህል አያስቸግረውም። የእናንተን ካላወቃችሁ መካኒካችሁን ጠይቁ። ሁለቱም ሴንሰር ካለው ወደ ውስጥ የሚመልሰውን ምረጡ።

ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር እና አይሱዙስ?

እዚህ አገር የምናያቸው ብዙዎቹ ባለ ቱርቦ መኪኖች ናፍጣ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በሚረጨው ነዳጅ መጠን እንጂ እንደ ቤንዚን ሞተር የአየሩን በር በመዝጋት አይደለም። ስለዚህ ቫልቩ አያስፈልገውም። «ለናፍጣ» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ የታመቀውን አየር በኤሌክትሪክ ከፍቶ የሚለቅ ነው። የምትከፍሉት ለድምፅ ብቻ መሆኑን አውቃችሁ ወስኑ።

አገጣጠም

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቱርቦ አካባቢ ያለው ብረት ክፉኛ ያቃጥላል።
2. ምንም ነገር ከመንቀላችሁ በፊት የሆዞቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።
3. የድሮውን ቫልቭ አውጡ፣ መቀመጫውን አጽዱ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ።
4. ብሎኖቹን ተራ በተራ እኩል አጥብቁ። አሉሚኒየም ላይ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል።
5. ቀጭኗን የቫኪዩም ሆዝ ከስሮትሉ በኋላ ካለው ማንፎልድ አገናኙ። አጭር ትሁን፣ አትታጠፍ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ባትጋራ ይመረጣል።
6. ወደ ውስጥ የሚመልስ ከሆነ መውጫው ከማፍ በኋላ፣ ከቱርቦው በፊት ይግባ። ወደ ውጭ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ የድሮው መመለሻ ቀዳዳ በደንብ ይደፈን፤ ካልሆነ አቧራና ያልተለካ አየር ይገባል።
7. አስነስታችሁ በሚኒሞ አዳምጡ። ወደ ውጭ የሚተፋው በሚኒሞ ዝግ መሆን አለበት።

እንደ አዳዲሶቹ ጎልፍ ጂቲአይ ያሉ መኪኖች ቱርቦው ላይ የተቀመጠ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ አላቸው። ለእነሱ የተሠራ ዕቃ ካልሆነ አትነካኩት።

ችግር ሲመጣ

👉 «ቱ-ቱ-ቱ» ካለ፦ ሞላው ጠንክሯል፣ ወይም የቫኪዩም ሆዟ ተቀዳለች፣ ታጥፋለች። መጀመሪያ ሆዟን እዩ፤ ምንም ወጪ የለውም።
👉 ጉልበት ካነሰ፦ ሞላው ላልቷል፣ የውስጡ ጎማ ተቀዷል ወይም ፋሼታ ለቋል። ስካነር ላይ ፒ 0299 የሚለው ኮድ ቱርቦው የሚፈለገውን ግፊት አላገኘም ማለት ነው።
👉 ሲቆም ከጠፋና ከጨሰ፦ ማፍ ባለው መኪና ላይ ወደ ውጭ የሚተፋ ተገጥሟል። ፒ 0172 የሚለው ኮድ ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል። መፍትሔው ወደ ውስጥ ወደሚመልሰው መቀየር ነው።
👉 በሚኒሞ ከፍ ዝቅ ካለ፦ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፣ ወይም ቫልቩ አልተዘጋም።
👉 ስትረግጡት የሚያፏጭ ከሆነ፦ ጓርኒሲዮኑ ወይም የቱቦው መገጣጠሚያ ያስተነፍሳል።

ቫልቩን ራሱን መፈተሽ ከፈለጋችሁ ጋራዥ ውስጥ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይሞከራል። ሲሳብ መከፈት፣ ቫኪዩሙንም ይዞ መቆየት አለበት። ካልያዘ የውስጡ ጎማ አልቋል።

አንድ ነገር እንጨምር፦ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ እያለ «ድምፁ ግን ያምራል» ብላችሁ አትንዱ። ቱርቦ፣ ካታሊስት እና ካንዴላ ከቫልቩ በላይ ያስወጣሉ።

መኪናውን ሊነካካ ላሰበ ጓደኛችሁ አጋሩት።